ቀኝ እግር ከፊት

ሸምሰዲን የስፌት ሱቁን ከካዛንቺስ ነቅሎ ባምቢስ ጀርባ ከተከለ ዓመት አልፎታል፤ እግሩ ግን ወሬውን እስካሁን አልሰማም። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ሳያስበው ወደ ድሮው ሰፈር ይዞት ይሄዳል። ደርሶስ ምን ሊያይ? ቤቱ ሁሉ ፈርሶ ሰፊ መንገድና ሣር ሆኗል። ያምራል፣ መቼስ አይካድም። ሸምሰዲን ግን እዚያ ቆሞ የሚፈልገው የቀበሌውን አዳራሽ ነው። "በሩ እዚህ ጋ፣ አሸዋ የሞላው ጆንያ እዚያ ጋ፣ ፍቅሬ ጥርሴን ያወለቀው ደግሞ... አዎ፣ እዚህ" እያለ ከራሱ ጋር ያወራል። የአትክልቱ ጥበቃ ዞር ብሎ ሲያየው ያፍርና ወደ ባምቢስ ይመለሳል።

ደንበኞቹ የዛሬ ልጆች ናቸው። ሱሪ ያስጠብባሉ፣ በሳምንቱ ያሰፋሉ፣ በወሩ ደግሞ መልሰው ያስጠብባሉ። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ይሄ ቀጭን ሰውዬ የቂርቆስ ቦክሰኛ ነበር ቢባሉ ይስቃሉ። ይሳቁ እንጂ፣ ምን ያውቃሉ። ያን ዘመን የሚመሰክርለት አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ፍቅሬ ነው።

ሸምሰዲን ሲወለድ ግራኝ ነበር። ለአንዳንዱ ይሄ ምንም አይደለም፤ በነሱ ቤት ግን ትልቅ ነገር ነበር። እናቱ ሀምዲያ ክፉ ሴት አልነበረችም። ለልጇ የማትሆነው የለም። ግራ እጁን ወደ ትሪው በሰደደ ቁጥር ግን ማጅራቱ ላይ ታሳርፍበታለች። "በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው፤ አንተ የሰው ልጅ ነህ" ትለዋለች። ማጅራቱ አልገባው ሲል ጊዜ ሻሿን ፈትታ ግራ እጁን ከወገቡ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችውና እንዲያ እያለ አበላችው። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ የአስተማሪው ማስመሪያ ጠበቀው። መጨረሻ ላይ እጁን ሰጠ። በቀኙ በላ፣ በቀኙ ጻፈ፣ ኋላም ስፌት ሲለምድ በቀኙ መቀስ ያዘ። ግራው እንደ ተቀጣ ልጅ ዝም ብሎ ከጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያን እጅ የፈቱት አሰልጣኝ ዘነበ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ከጦር ሠራዊት ቦክስ የወጡ፣ ቁጣቸው ከቡጢያቸው የባሰ ሰው ነበሩ። ሸምሰዲን ጢሙ ገና ሳይወጣ አዳራሹ ሲገባ እንደ ሌላው ልጅ ሁሉ ግራ እግሩን ከፊት፣ ቀኙን ከኋላ አድርገው አቆሙትና ፊት ለፊቱ የጎረቤቱን ልጅ ፍቅሬን ገተሩበት። የፍቅሬ ቀኝ እጅ በሰፈሩ ስም ነበራት፤ "ካሚዮን" ይሏታል። ከመጣች አትቆምም፣ ያገኘችውን ደፍጥጣ ታልፋለች። ወር ሙሉ ሸምሰዲንን ደፈጠጠችው። እናቱ ያበጠ ፊቱን እያየች "ይሄ ስፖርት ነው ወይስ ፀብ?" ትለው ነበር።

አንድ ቀን አሰልጣኙ ብርቱካን እየላጡ "ያዝ" ብለው ድንገት ወረወሩለት። ቀለበው፤ በግራው። ወዲያው ደንግጦ እጁን ከጀርባው ደበቀ፣ የሰረቀ ይመስል። ሰውየው ቀስ ብለው መጡና እጁን ከጀርባው ጎትተው አወጡት። "አንተ፣ ግራኝ ነህ እንዴ?"

"ነበርኩ፣ ጋሼ። ድኛለሁ" አላቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "እዚህ ቤት የሚያስርህ የለም። ቀኝ እግርህን ከፊት አድርግ" አሉት።

ለግራኝ መጀመሪያ ያስተማሩት መምታትን አልነበረም፤ አለመመታትን ነበር። ሸምሰዲን ያኔ የተናገሩትን አንድ ቃል አልረሳም፤ ዛሬም ሱሪ እየተኮሰ በቃሉ ይወጣዋል። "የፊት እግርህን ከሱ የፊት እግር ውጭ ትከል። እግሩ ውጭ ያለ ሰው አይታሰርም። ስትዞር ወደ ቀኝህ ዙር። ወደ ግራህ ከሄድክ በገዛ እግርህ ካሚዮን ስር ገባህ ማለት ነው፤ ያኔ እኔን እንዳትወቅስ። የፊት እጅህን የፊት እጁ ላይ አኑርበትና ጃቡን፣ የፊት እጁን ቡጢ፣ ከመነሻው አፍነው። ግራህ ደግሞ ከጉንጭህ አይለይ፤ የሱ ቀኝ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። የኋላ እግርህ ላይ ተደገፍ፤ እሱ ነው ቤትህ። ከደከመህ ጠጋ ብለህ እቀፈው። ማቀፍ ነውር አይደለም።"

ወይ ያ ጊዜ። ካሚዮን ነፋስ መምታት ጀመረች። ፍቅሬ ይሰነዝራል፣ ሸምሰዲን ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይላል፤ ፍቅሬ በፊት እጁ ይሞክራል፣ ሸምሰዲን ጃቡን መዳፉ ላይ ይይዝበታል። "አንተ ሰውዬ፣ ቁም እንጂ፤ እኔ ቦክስ ነው የመጣሁት፣ አባሮሽ አይደለም" እያለ ይራገማል ፍቅሬ። ከልምምድ በኋላ ግን በአንድ ጓንት ሽታ፣ በአንድ ፎጣ፣ ከአዳራሹ በር አጠገብ ፓስቲ እየገመጡ ይቀመጣሉ። ሸምሰዲን ሻምፒዮን አልሆነም። ማንም እንደ ልቡ ደብድቦት ግን አያውቅም፤ ለሱ ይሄ ይበቃዋል። ወደ ቤቱ ሲገባ ታዲያ ግራው ተመልሶ ዝም ይላል። ከአዳራሹ ውጭ አሁንም ግራኝ መሆኑን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ዙለይካን አገባ፣ ልጆች አሳደገ፣ እሷ እንኳ በቀኙ ሲበላ እንጂ በግራው ሲነካ አይታው አታውቅም።

አምና ፍቅሬን ስትሮክ መታው። መታው ሲባል ደግሞ በቀኝ በኩል። ካሚዮን ቆመች።

ፍቅሬ ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ፣ ከካዛንቺስ ሲነሱ ከሚስቱ ከጀማነሽና ከልጁ ከልደት ጋር ኦሎምፒያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ግቢ ተከራይቶ የገባ ሰው ነው። ንግግሩ አልተነካም፣ አእምሮው አልተነካም። የተነካው ኩራቱ ነው። ለመነሳት ይሞክራል፣ ይወድቃል። እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይወድቃል። ኋላ ተወው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስትመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ። ከሁሉ የከፋው ምግቡ ነው። በግራ እጁ ሲበላ ሰው ከሚያየው ቢሞት ይሻለዋል። ስለዚህ ጀማነሽ ሰሃኑን መኝታ ቤት ታስገባለታለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ እሱም ብቻውን በማንኪያ የቻለውን ያህል ይቀምሳል። እንግዳ ካለ ጭራሽ አይበላም። ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ ክስት ብሎ ቀረ።

በዚህ መሐል የልደት ሽማግሌዎች መጡ። ኢያቄም የሚባል ጨዋ ልጅ ነው የላካቸው። ፍቅሬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ጀማነሽ "ትንሽ አሞት ነው" ብትልም፣ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ በመስኮት ሲያወራ ሰምተውታል። የልጅቷ አባት ፊቱን ለሽማግሌ ከነሳ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። መሪያቸው አቶ ባይሳ ተነሱና፣ "አባትየው መልሱን ሰጥተውናል መሰለኝ። ቢሆንም ሽማግሌ ተስፋ አይቆርጥም፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት አንዴ እንመጣለን። ያኔም ካላየናቸው ግን አናስቸግርም" ብለው ሄዱ።

ልደት በማግስቱ ባምቢስ መጣች። ከቢሮ በምሳ ሰዓት ወጥታ ነው፤ ባጇ እንኳ አንገቷ ላይ ነበር። ከስፌት መኪናው ጎን ያለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ለአባዬ አንድ ነገር ይበሉልኝ። ማለቴ፣ እርስዎን ካልሰማ ማንንም አይሰማም።"

"ምን ልበለው የኔ ልጅ?"

"አላውቅም። በቃ፣ እንዲወጣ። አጎቴ እሱን ተክቼ ልቀመጥ ብሎኛል። እኔ አልፈልግም። አባቴ ቤት ውስጥ እያለ ሌላ ሰው አይድረኝም። ካልወጣ ይቅርብኛ።" ይህን ብላ መርፌ የተሰካበትን ጨርቅ ስታሻሽ ጣቷን ወጋት። ሸምሰዲን ጨርቁን ከእጇ ወሰደና "ሂጂ ሥራሽ፣ እመጣለሁ" አላት።

ባዶ እጁን መሄድ ከበደው፤ ሜትሩን ይዞ ሄደ። ለሽምግልናው ቀን የፍቅሬን ኮት ላጥብብለት ነው ብሎ ገባ።

"ለምንድን ነው የምትለካኝ? ለሬሳ ሳጥን ነው?" አለው ፍቅሬ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ።

"ለሱ አናጢ አለልህ። ተነስ፣ ትከሻህን ልለካ።"

"አልችልም።"

"ወድቀህ አሳየኝ ታዲያ።"

ይሄ ነገር ቆሰቆሰው። ፍቅሬ ጥርሱን ነክሶ በግራ እጁ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ እንደተነሳም ግራ እግሩን ወደ ፊት ወረወረ። ቀኙ ከኋላ ከዳውና ተንሸራተተ። ሸምሰዲን ደረቱ ላይ ተቀበለው። ተቃቅፈው ወደ ወንበሩ ሲመለሱ ለሸምሰዲን አንድ ነገር በራለት። ያየው አነሳስ አዲስ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ሺህ ጊዜ ፊት ለፊቱ የቆመው ያው ፍቅሬ ነው፤ ግራ እግር ከፊት፣ ቀኝ ከኋላ፣ ክብደት በሙሉ ቀኙ ላይ። እግሩ ሞቶ ልማዱ አልሞተም።

"ስማ አንተ፣ የምትወድቀው ስለታመምክ ብቻ አይደለም። ቀኝ ቦክሰኛ ስለሆንክ ነው" አለው። "ደህናውን እግርህን ከፊት ትሰድና በታመመው ላይ ትደገፋለህ። ገልብጠው። ቀኝህን ከፊት አድርግ፤ ዝም ብሎ መሬት ይንካ። ግራህን ከኋላ ሰብስብና እሱ ላይ ተነሳ።"

"ያቺ ልጅም እንዲሁ ስትለው ነበር" አለች ጀማነሽ ከበሩ ላይ። ባለሙያዋን ማለቷ ነው። "'ደህናውን እግር ከኋላ ይሰብስቡ' እያለች ስትለምነው ፊቱን አዙሮ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

"እኔ ግራኝ ልሁን? በዚህ ዕድሜዬ?" አለ ፍቅሬ።

ሸምሰዲን ተናደደ። "እኔን በአምስት ዓመቴ ቀኝ አድርገውኛል። አስረውኝ። አንተን የሚያስርህ የለም፤ እየተለመንክ ነው። ልጅህ ሱቄ መጥታ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?" አለና ነገረው። ፍቅሬ ቀኝ እግሩን በግራ እጁ አንስቶ ወደ ፊት አስቀመጠው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸምሰዲን ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሰግዶ ሱቁን ይዘጋና በእግሩ ኦሎምፒያ ይወርዳል። ደንበኛ ቢያኮርፍ አኮረፈ። ባለሙያዋም በተራዋ ትመጣለች፤ እሷ ስታስተምር ሸምሰዲን ያያል፣ ሸምሰዲን ሲያስተምር እሷ ትስቃለች፣ ሲያጠፋ ታርመዋለች። ግቢው ውስጥ ከልብስ ማስጫው ገመድ ስር ይቆሙና የአሰልጣኝ ዘነበ ትምህርት ይጀመራል። "የኋላ እግርህ ቤትህ ነው።" "የፊቱ ላይ ትንሽ፣ ትንሽ ጨምርበት፤ እየሞከርከው እንጂ እየተደገፍከው አይደለም።" "ቀኝ እጅህን ሆድህ ላይ አኑራት፣ እንዳትንጠለጠል። ግራህን ወደ ጉንጭህ።"

"ጉንጬን ማን ሊመታኝ ነው?"

"አቶ ባይሳ።"

እንዲህ እየተባባሉ የድሮውን ያነሳሉ። የአዳራሹ ጣሪያ ሲያፈስ ዝናቡን በጓንት እየጠረጉ የተለማመዱበትን፣ የፓስቲ ሻጯን ቁጣ፣ በዋንጫው ቀን መብራት ጠፍቶ በመኪና መብራት ያለቀውን ግጥሚያ። ካዛንቺስ ውስጥ አሁን ያን የሚያሳይ ድንጋይ እንኳ የለም። ሸምሰዲን ከሣሩ ፊት ቆሞ ሲፈልግ የከረመውን ነገር እዚህ እርጥብ አንሶላ ስር አገኘው፤ ደስ አለው። ለሰላምታውም መላ አበጁለት። እጅ መጨበጥ ካልተቻለ ቀኝ ትከሻ ከፊት ነው፤ ጠጋ ብሎ ትከሻ ለትከሻ ማቀፍ። በሦስተኛው ሳምንት ፍቅሬ ከወንበሩ ተነስቶ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ጀማነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። "ቆሜ እቀበላለሁ፣ ልጄንም እሰጣለሁ። ማዕዱ ሲቀርብ ደክሞኛል ብዬ እገባለሁ" አለ ፍቅሬ።

"አባት ያልቆረሰውን ማን ይበላል? ባለፈው ያደረግከውን ልትደግመው ነው እኮ።"

"በግራ እጄ ከትሪያቸው አልገባም፣ ሸምሱ። ሕፃን ሆኜ ለብቻ ሰሃን በማንኪያም አልበላም። አትልፋ።"

ለዚህ አሰልጣኝ ዘነበም ያስተማሩት ነገር የለም።

ቀኑ ደረሰ። ጀማነሽ ሸምሱ ከማዕዱ እንዳይለይብኝ ብላ፣ እሑድ ቀን፣ ሽማግሌ እየመጣ፣ ማዕዱን በሙሉ የጾም አደረገችው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ አንድ ትሪ ሙሉ። ዘመዶቿ አጉረመረሙ፤ አልሰማቻቸውም። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ፍቅሬ መሐል ቤት ቆሞ ነበር። ኮቱ ልክክ ብሎለታል። ቀኝ እግሩ ከፊት፣ ግራው ከኋላ። አቶ ባይሳ እጃቸውን ሲዘረጉ ፍቅሬ አንድ እርምጃ ገባና ቀኝ ትከሻውን ሰጣቸው፤ አቀፋቸውም። ሸምሰዲን ከጥግ ሆኖ ትንፋሹን ለቀቀ።

"ባለፈው ያልወጣሁት ልጄን ነፍጌ አይደለም። እንዲህ ሆኜ እንዳታዩኝ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጄ ልጃችሁ ናት" አለ ፍቅሬ። ከመጋረጃው ጀርባ እልልታው ቀለጠ።

ማዕድ ቀረበ። ልደት ማስታጠቢያውን ይዛ ዞረች። አቶ ባይሳ ታጠቡ፣ ሽማግሌዎቹ ታጠቡ፣ ሸምሰዲንም ቀኙን ታጠበ። ፍቅሬ ጋ ስትደርስ "እኔ ትንሽ ቆይቼ። ብሉ እናንተ" አላት።

"ያለ እርስዎማ አንቆርስም" አሉ አቶ ባይሳ፤ የሁሉም እጅ ተሰበሰበ። ፊታቸው ላይ ያ የባለፈው ጥርጣሬ ሲመለስ ሸምሰዲን አየው። ከዚያ ወደ ታች አየ። የፍቅሬ ግራ እግር ቀስ እያለ ከወንበሩ ስር እየተሰበሰበ ነበር። እንዲነሳበት ያስተማረው እግር ነው፤ ሰውዬው አሁን ሊሸሽበት ነው።

"ልደት፣ ነይ" አለ ሸምሰዲን። ግራ እጁን ዘረጋላት። "ይሄንንም አስታጥቢኝ።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት አፈሰሰችለት። ሸምሰዲን "ቢስሚላህ" አለና ግራ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያልሄደበት መንገድ ነው፤ ማጅራቱ ቀዘቀዘ። በልቡ አላህን ይቅርታ ጠየቀ። ዳር የተቀመጡት ሽማግሌ "ወንድሜ፣ እጅ የተሳሳቱ መሰለኝ" አሉት በጨዋ ደንብ።

"አልተሳሳትኩም አባቴ። ግራኝ ነኝ። ስወለድ ጀምሮ" አለ ሸምሰዲን። ይህን ከአዳራሹ ሰዎች ውጭ ለሌላ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ቡጢ መመከት የሚያውቀው እጅ እንጀራ መጠቅለል አያውቅም። ሽሮው ጣቱ መሐል ሾልኮ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። እንደ ምንም አፉ አደረሰው። እፍረቱ እስከ ጆሮው አቃጠለው፤ ግን እጁን አልሰበሰበም፤ ሁለተኛ ጉርሻ ቆረሰ።

ፍቅሬ የሚያየው ሸምሰዲንን ነበር። ይህ ሰው ይሄን እጅ ዕድሜ ልኩን ከማን ከማን ሲደብቅ እንደኖረ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሰበሰበውን እግር መልሶ ዘረጋ።

"ልደት፣ ውኃውን ወዲህ አምጪው" አለ፤ ግራ እጁንም አወጣ።

ከሸምሰዲን ጋር ጎን ለጎን እያንጠባጠበ ቆረሰ። አቶ ባይሳም አንገታቸውን ወደ ትሪው ደፍተው፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ እያወሩ፣ ምንም እንዳላየ ሰው መብላት ጀመሩ። ልደት ማስታጠቢያውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሸምሰዲን ከመጋረጃው ወዲያ እናቷ በድንጋጤ "ምነው? ምን ሆንሽ?" ስትላት ሰማ። ልጅቷ ማልቀሷን መያዝ አቅቷት ነበር።

"ምንም አልሆንኩም፣ እማዬ" አለች። "አባዬ ከሰው ጋር እየበላ ነው።"